ከቁርባን ሰልፍ የወጣሁ ዕለት

ጫግኒ ለምትኖሪው ለምወድሽ እህቴ ይድረስ፣

እታለም፣ የቆላው ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ወባስ አልነካሽም? እኛ እመቤታችን ትመስገን ደህና ነን። እዚህ እንጅባራ ጉሙ ከደጃፋችን አልነሣ ብሎ ልብሳችን ሳይደርቅ ሰነበተ። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ከእማ እጅ አይወጣም። ስለዚህ ይህን ለሚኒባስ ሹፌሩ ለእንየው ሰጥቼዋለሁ።

ፍልሰታን እንደ ወትሮው ጾሜ፣ በዐሥራ ስድስት ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር። ጠዋት ቅዳሴ ከመሄዳችን በፊት እማ ለፍስኩ የሠራችውን ወጥ እንዳማስል አዘዘችኝ። እያማሰልሁ ሳለ እንደ ልማዴ ጨው ልይ ብዬ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ላስሁ። የሚቆርብ ሰው ውኃ እንኳ እንደማይቀምስ ትዝ ያለኝ ከዋጥሁት በኋላ ነው። ማንም አላየኝም።

ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ «አንዲት ጠብታ ናት» እያልሁ ራሴን ስሸነግል ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ከልጆቹ ጋር ተሰለፍሁ። ከፊቴ ሦስት ልጆች ሲቀሩ ከሰልፉ ወጣሁ። በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ከዚያ ሰልፍ ስትወጣ ሰው ምን እንደሚያስብ አንቺ አታጪውም።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቅአየሁ ደጃችን ላይ ጠበቁኝ። ወጥ ቀምሼ ነው ብላቸው ሳቁ። «ውይ ልጄ፣ የቀመስሽው ጨው ብቻ ነው?» አሉኝ። እማንም «ትምህርቱ ይቅርባት፣ ሳትዋረጂ ቶሎ ዳሪያት» ብለው መከሯት። እማ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው «ዝም ብለሽ ብትቆርቢ ማን ያውቅብሽ ነበር?» አለችኝ። እኔ እንደምታውቂኝ አፌ አይፈታም። ለእትዬ ወርቅአየሁ ግን አጸፋውን መመለስ እችል ነበር፤ ስለ ልጃቸው የማውቀው ነገር አለ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስሁት። እታለም፣ ከጾሙ ሁሉ ያ ከበደኝ።

ለንስሐ አባታችን ለቄስ እንግዳው ሁሉንም ነገርኋቸው። እሳቸውም ቤት ድረስ መጥተው እማን «ሰው ሳያያት እግዜርን የፈራች ልጅ ናት። እንዲህ ያለችውን ነው ከትምህርት የምታስቀሪው?» አሏት። እማ አለቀሰች። በመስከረም ስምንተኛ ክፍል እገባለሁ። ባለፈው እሑድም ቆረብሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍሁልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንቺ ከዚያው ሰልፍ ስትወጪ ከኋላሽ ነበርሁ። በቦታሽ ገብቼ ደስ ብሎኝ ቆረብሁ። ሰው ሲያማሽ አብሬ አማሁሽ፤ ወደ ጫግኒ የሄድሽ ዕለትም ልሸኝሽ አልወጣሁም። አንቺስ ብትሆኚ ዝም ብለሽ ብትቆርቢ ያን ጊዜ ማን ያውቅብሽ ነበር? ሰው ሁሉ እያየሽ፣ እግዜርን ላለመዋሸት ወጣሽ። ይህ የገባኝ አሁን ነው። ይቅር በዪኝ።

ትናንት እማ ድንች ስትልጥ ቆይታ፣ ድንገት «ያቺኛዋንም እኮ አንድ ቀን ቁጭ ብለን አልጠየቅናትም» አለች። ስምሽን አልጠራችም።

ለመስቀል ነዪ። ብቻሽን አትምጪ።

ድንግል ማርያም በጥላዋ ትሰውራችሁ፣ መንገዳችሁንም ታቅናላችሁ።

ታናሽ እህትሽ፣
የልጅሽም አክስት