እናትሽ «እርስዎ» አለችኝ

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለቀበጧ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ የጉልበቴን ነገር ካላነሳሽብኝ። እናትሽም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። በስልክ «እማዬስ?» ስትይኝ «ደህና ናት» እያልኩ የምሸሽሽ አጠገቤ ስለምትሆን ነው። ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ስለ እሱ ማውራት ነውር ነው እያለች ስታስተምር የኖረች ሴት አይደለች?

አሁን ተኝታለችና ልንገርሽ። እናትሽ «እርስዎ» ትለኛለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» አልኳት። ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ»፣ ስትናደድም በሥራዬ ጠርታ «አንተ ሾፌር» ስትለኝ የኖረች ሴት፣ «ይቅርታ አባባ፣ አላወቅኩዎትም» አለችኝ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ለካ ባለጉዳይዋ ሆኛለሁ። የአረጋውያን ጉዳይ ኃላፊ ሳለች ለሠራተኞቿ «መጀመሪያ እርስዎ በሏቸው፣ ቀጥሎ ወንበር ስጧቸው» ትል ነበር። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስታስተምርም ያው ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት እኔን ወንበር ስባ ታስቀምጠኛለች፤ እኔም አመስግኜ እቀመጣለሁ።

ሰሞኑን መታጠቢያ ቤት ላነሳት ስል ሁለታችንም ወደቅን። አትደንግጪ፣ አልተሰበርንም፤ ጎረቤት መጥቶ አነሳን። ግን አቅሜ አልቋል ልጄ። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ማዕከል እንዲቀበላት ለመንኩ። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ትናንት ከማዕከሉ ነርስ መጣች፤ የእናትሽ የድሮ ተማሪ ናት። እናትሽ ራሷ ባረቀቀችው ፖሊሲ መሠረት አረጋዊ በገዛ አንደበቱ እሺ ካላለ ከቤቱ አይወጣም። ልጅቷ አጠገቧ በርከክ ብላ፣ «ፕሮፌሰር፣ እኛ ጋ መጥተው ቢኖሩ ምን ይመስልዎታል?» አለቻት።

«እኔማ ሥራ አለብኝ» አለች እናትሽ። «ይልቅ እኚህን አባት ጠይቂያቸው። በጣም ከስተዋል።» ወደ እኔ ዞራ እጄን ያዘችኝ። «ጧሪ አለዎት ወይ፣ አባባ?»

ነርሷ ፊቷን አዞረች።

«ልጅ አለችኝ። ሩቅ አገር ናት» አልኩ።

«መድከምዎን ታውቃለች?»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

«አይኩሩ» አለችኝ፣ እጄን እያሻሸች። «ልጅ ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ይጻፉላት።»

ነርሷም እሺታዋን ሳታገኝ ሄደች። ስለዚህ እናትሽ እዚሁ ናት፤ ነገም የማነሳት እኔው ነኝ። ነይ ማለቴ አይደለም። ሥራሽም ልጆችሽም እንደማይለቁሽ አውቃለሁ። እሷ ይጻፉላት ስላለችኝ ነው።

ልጆችሽ ይባረኩልሽ። ዕድሜ ይስጥሽ፤ ስታረጂም ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ