በአንድ ረድፍ የሚገቡት

ሊልበርን፣ ጆርጂያ
እሁድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሜላ፣ ፖርትላንድ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ጤናሽ የተጠበቀ፣ ክፍልሽም የሞቀ ይሁን።

ጥፋተኛው ስለሺ ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ኋላ እጄ ሲደክም ሳልናገረው እንዳልቀር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ስለሺ፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ለማውለቅ አሥር ደቂቃ የሚፈጅበት ስለሺ። እሱ ባይኖር አንቺ ዛሬም ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ወዲያ ነበርሽ፤ እኔም ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

በስልክ የማልነግርሽ አፌ ስለሚቀድመኝ ነው። ስንደዋወል እኔ እቆጣለሁ፣ አንቺ «ኦኬ እማ» ትያለሽ፣ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን አንድ ቃል ጽፌ እስክጨርስ ቁጣዬ ይደክማል። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ግን ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ስህተት ካገኘሽ አትሳቂ። ወይም ሳቂ፣ አልሰማሽም።

አሁን ወደ ዕቃሽ ልምጣ።

ባለፈው ወር ደውዬ፣ «ያ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው የሙዚቃ መሣሪያሽ አልተጣለም፣ ጋራዥ ውስጥ ነው» ስልሽ፣ «እማ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጣለ ነበር የመሰለኝ» አልሽ። ቀጥለሽም አሁን ያለሽ ሞጁሎቹ የሚገጠሙበት ትንሽ ሣጥን እንደሆነ፣ አንድ ረድፍ ብቻ እንዳለው፣ ረድፉም አርባ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል እንደሆነ ነገርሽኝ።

«የሚገቡትን ሞጁሎች አንቺ ምረጪና ላኪልኝ። የተረፈውን ለሚፈልግ ስጪው።»

«እኔ ምን አውቄ ነው የምመርጠው?»

«ስምንት ዓመት በግድግዳ ሰምተሽው የለ?»

ስድብ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ሦስት ቀን ካሰብኩበት በኋላ ስድብ እንዳልነበረ ገባኝ።

የማብሰያ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጌ አርባ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ለካሁና በነጭ ፕላስተር አሰመርኩበት። ካቻቪቴ ይዤ ጋራዥ ወረድኩ፤ ሞጁሎቹን፣ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ ያለውን የመሣሪያሽን ክፍሎች፣ አንድ በአንድ እየፈታሁ አመጣኋቸው። ቁመታቸው አንድ ነው፣ የሚለያዩት በስፋት ነው። ያንን መብራት የሚያበራውን ትልቁን፣ በመጀመሪያ ደሞዝሽ የገዛሽውን፣ ከሁሉ በፊት አስቀመጥኩት። ብቻውን የፕላስተሩን ግማሽ በላው። አነሳሁት። እንደገና አስቀመጥኩት። ካርቶኑን ይዘሽ ስትመጪ እንዴት ደስ ብሎሽ እንደነበር ስለማውቅ ማንሳቱ ከበደኝ፤ ግን እሱ ከገባ ሌሎቹ ውጭ ሊያድሩ ነው። ጋራዥ መለስኩት።

ከዚያ ድምፅ የሚያወጡትን ሦስቱን መረጥኩ፤ ድምፁን የሚያጣራውንና የገደል ማሚቶ የሚያደርገውን ጨመርኩ። ጋራዥ የነበረው ትልቁ ሣጥንሽ ውስጥ መልሼ ገጠምኳቸው። የኋላውን ገመድ ቀይ መስመሩ ወደ ታች እንዲሆን ሰባት ጊዜ አየሁት፤ ከተገለበጠ ይቃጠላል ብለሽኛላ። የፊቱን ገመዶች ከ«አውት» ወደ «ኢን»፣ ከመውጫ ወደ መግቢያ፣ ሰካሁ። እነዚህን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ማንም እርዳታ አነባለሁ።

ድምፁ መጣ፤ አልቆምም አለ። ይህን ባዞር ይቀጥናል፣ ያንን ባዞር ይወፍራል፣ ዝም ግን አይልም። ሶኬቱን መንቀል እችል ነበር። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ሁለት ዓመቱ ስለሆነ አልነቀልኩትም። ሽንኩርቴን ከተፍኩ፣ ምሳዬን ሠርቼ በላሁ፣ እሱም አብሮኝ ቆየ። ከዚያ ነው ደውዬ የመረጥኳቸውን የቆጠርኩልሽ።

«እማ፣ አፍ አፉን ብቻ መርጠሽ! ማን ይዝጋው?»

«እናትሽን ነዋ የመሰለው» አልኩሽ።

ሳቅሽ። እኔ ግን ደህና ዋይ ሳልል ዘጋሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ጠባቧን፣ ሁለት ጣት የምታክለውን፣ የድምፁን መንገድ የምትከፍትና የምትዘጋውን ፈለግኩ። ምንም የማታምር ስለሆነች ሰው ይውሰዳት ብዬ ለይቻት ነበር። አሁን ከሁሉ በፊት ገባች። መቼ ክፈቺ መቼ ዝጊ የሚላትም ከጎኗ ገባ። ድምፅ ከሚያወጡት አንዱን ብቻ አስቀረሁ፣ ጥጉ ላይ የተጫረውን። ስትለማመጂ በግድግዳ የምሰማው እሱ መሆኑን ድምፁን እንደሰማሁ ለየሁ። ባለ ስምንት ማዞሪያውን፣ በተራ የሚቆጥረውን፣ ጨመርኩ። ከማጣሪያውና ከማሚቶው ጋር ስድስት ሆኑ። ሁለት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ተርፏል። እሱን አልሞላሁትም፤ ያንቺ ነው።

እንግዲህ የሣጥኑ ነገር ይኸው ነው። ከባዱን ገና አልነገርኩሽም።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንቺ ሥራ በነበርሽበት ቀን ስለሺ ወደ ቤታችን መጣ። ኪቦርድ የምትመታ አገልጋይ ቤቷ እንዲህ ያለ ጩኸት ማሰማቷ ደግ አይደለም አለኝ። «ልጄ አትሰማኝም፣ ምን ላድርግ?» አልኩት። «እህት ተናኘ፣ ከመሆኑ በፊት በእምነት ይመስክሩት። ጌታ ይፈጽመዋል» አለ። ልማዳችንን ታውቂያለሽ። ወረቀቱ ሳይመጣ ግሪን ካርድ አገኘሁ ብሎ የመሰከረ አለ። ጉልበቷን እያመማት ተፈወስኩ ያለችም አለች፤ እያነከሰች ከመድረክ ስትወርድ እልል ብለንላታል።

ቅዳሜ አንቺ ለሌሊት ሥራ እንደወጣሽ መሣሪያሽን ተሸክሜ ጋራዥ አወረድኩ፣ ብርድ ልብስ አለበስኩት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማይክሮፎን ይዤ፣ «ልጄ ያንን ነገር ተወች፤ ከቤታችን ወጥቶ ተጣለ» አልኩ። አንቺ ከሥራ በቀጥታ መጥተሽ ከኋላዬ ኪቦርዱ ጋ ተቀምጠሽ ነበር። ፊትሽን አላየሁም። ቀጣዩ መዝሙር ያለ ኪቦርድ ተዘመረ። ቤት ስደርስ አንቺም ሻንጣሽም የላችሁም። ጋራዡን ብትከፍቺው ኖሮ ታገኚው ነበር፤ ግን ለምን ትከፍቺዋለሽ? እናትሽ ተጣለ ብላለች።

ስለሺ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ፤ ቃሉን ግን እኔው ነኝ ያወጣሁት። ከላይ የጻፍኩትን አልሰርዝም። ይህንንም አልሰርዝም።

ባለፈው እሁድ ፊደል መቁጠሬን እንድመሰክር ስለሺ ራሱ ጠራኝ። ወጣሁና፣ «የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ቆሜ ዋሽቻለሁ» አልኩ።

«ሃሌሉያ!» አሉ ምእመናኑ።

«ልጄ መሣሪያዋን አልተወችም። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

«አሜን!» አንዷ እልልታውን አቀለጠችው።

«እልል አትበሉ እንጂ! ኃጢአቴን ነው የምናገረው!» ስል ነው እልልታው የቆመው። ስለሺ ፈገግ ብሎ መጣና፣ «እህታችን ትንሽ ደክመዋል፣ ጌታ ይባረክ» ብሎ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ እሁድ እሁድ በመኪናዋ የምታደርሰኝ ሙሉአለም ሃይዌይ ላይ እንደወጣን ጀመረችኝ።

«እትዬ ተናኘ፣ ምን ነካዎት? ሰውዬውን እኮ ኢምባራስ አደረጉት፤ በሰው ፊት አሳፈሩት።»

«እሱን ነው ያዘንሽለት? በልጄ ላይ ስዋሽ እልል ስትዪ አልነበር?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው ሳታውቂ እልል አትበያ።»

ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ዛሬ ከሁለት ሰዓት ጀምሬ ለብሼ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በር አጠገብ ጠበቅኳት። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥኩና ይህን ወረቀት አወጣሁ። አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም። ከሰው ሁሉ ተጣልተሽ ቀረሽ እንዳትዪኝ። እሱን ራሴም አይቼዋለሁ።

ስድስቱንም በፎጣ ጠቅልያቸዋለሁ። ፖስታ ቤቱ በእግር አርባ ደቂቃ ነው፤ ነገ ቀስ እያልኩ አደርሳቸዋለሁ። ሲገቡልሽ፣ ይቅርታ ብታደርጊልኝም ባታደርጊልኝም፣ መግባታቸውን ብቻ ንገሪኝ።

እግዚአብሔር ጣቶችሽን ይባርክ። እንጀራሽን ያብዛልሽ። ጎረቤትሽን ግድግዳ የማይደበድብ ያድርግልሽ።

እናትሽ ተናኘ

ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰዎች «ሄርሜላ መቼ ነው የምትመጣው?» ሲሉኝ «ለገና» እል ነበር፤ ገና ሲያልፍ «ለፋሲካ»። አንቺ እመጣለሁ ብለሽኝ አታውቂም፤ እሱንም በእምነት ነበር የምለው። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቀኝ ትመጣለች አልልም።