ያልበላሁት ስኳር

ጥር 6

ክሬም ስመታ ዋልኩ። የልደት ኬኮች፣ አንድ የምረቃ። የምረቃው ላይ ጽጌረዳ ሠራሁበት... ቅጠሉ ሲያምር! አለቃዬ አቶ ሚዛን አይተው "ይሄስ ሲቆርጡት ያሳዝናል" አሉ። አቶ ሚዛን እኔ ያወጣሁላቸው ስም ነው፤ ዱቄቱንም ሰውንም ይመዝናሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ቤት ስገባ እትዬ የስኳር መለኪያውን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ እናትም ፖሊስም እሷ ናት። ጣቴን ወጋች። 290።

"ዛሬም ላስሽ?"

"ኧረ አልላስኩም!"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።"

ኬክ ሠሪ ስኳር ሲይዛት ማን ያምናታል?

ጥር 14

እትዬም ስኳር አለባት። ደልደል ያለች ናት፤ ኪኒኗን ውጣ፣ ዳቦ ቀንሳ፣ በእግሯ ሄዳ ወረደላት። ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰር ሆናለች። "ከአንድ ማህፀን ወጥተን ሁለት ዓይነት ስኳር የለም። ለእኔ የሠራ ላንቺ ያልሠራው ስለምትልሺ ነው!"

እኔ ደግሞ እየከሳሁ ነው። ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ይዤ ነው የወጣሁት። ውሃ ጠጥቼ ውሃ አልጠግብም።

ዛሬ አስማለችኝ። በእናታችን ስም! ሥራ ቦታ የማንኪያ ጫፍ እንኳ ምላሴን አይነካም። ማልኩ። ምን ላድርግ?

ጥር 22

ጉድ ፈላ!

የስልሳ ዓመት የልደት ኬክ ነበር። ደቃቁ ስኳርና ደቃቁ ጨው በአንድ ዓይነት ባልዲ፣ ጎን ለጎን። ድሮ ቢሆን በትንሿ ጣቴ ቀምሼ አውቀው ነበር። አሁን መሐላ አለብኝ... ጨውን ከክሬም ጋር መትቼ፣ ጽጌረዳ ሠርቼበት፣ "መልካም ልደት" ጽፌበት ላክሁ።

ባለልደቱ ሽማግሌ ጨዋ ሰው ናቸው አሉ። አንድ ጉርሻ ዋጡ፣ ውሃ ጠየቁ፣ ከዚያ "ልጆቼ፣ የደም ግፊቴን ረስታችሁት ነው ወይስ ውርሱ ቸኮላችሁ?" ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት።

አቶ ሚዛን ግን አልሳቁም። ስኳር ስላለብኝ መቅመስ መተዌን ነገርኳቸው። "ከነገ ጀምሮ ካርቶን ታጥፊያለሽ። ስኳርሽ ከተስተካከለ ወደ ጠረጴዛሽ። ካልተስተካከለ... ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

መንገድ ላይ ሽማግሌውን እያሰብኩ ሳቅሁ። ቤት ስደርስ አለቀስኩ። ያለ ጽጌረዳ እኔ ማነኝ?

ጥር 29

ካርቶን። ካርቶን። ካርቶን። ኪኒኑ በእጥፍ ተጨመረ፤ ስኳሩ ንቅንቅ አላለም።

እትዬ ዛሬ "አፍሽን ክፈቺ" ብላ አሸተተችኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ቫኒላ ፈልጋ ነው። ሽንኩርት አገኘች።

የካቲት 5

የቀድሞው ሐኪም ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። የተተካችው ልጅ እግር ዶክተር ናት። እትዬ አብራኝ ገብታ እኔ አፌን ሳልከፍት "ክሬም ትልሳለች፣ ዶክተር" ብላ ከሰሰችኝ።

ዶክተሯ ምን እንደበላሁ አልጠየቀችኝም። መቼ እንደጀመረኝ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነስኩ፣ እናታችን ምን እንዳመማት ጠየቀችኝ። የታይሮይድ ሕመም ነበረባት ስላት ቀና ብላ አየችኝ።

"ስኳር በሽታ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም" አለች። "በትልቅ ሰው ላይ የጀመረ ሁሉ የእህትዎ ዓይነት ነው ማለትም አይደለም። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት የራሱን ቆሽት እንደ ጠላት ቆጥሮ ቀስ በቀስ ይመታዋል። የታይሮይድ ሕመም ባለበት ቤተሰብ ደግሞ ይበዛል። ሲጀምር የእህትዎን ይመስላል፤ ኪኒኑም ይሠራል። ለጥቂት ጊዜ ነው ግን።"

እትዬ "እንዴ፣ የአንድ እናት ልጆች ነን እኮ!" አለች።

"የአንድ እናት ልጆች መልካችሁም አንድ አይደለም።"

ኧረ እልል! በሆዴ ነው ያልኩት።

ደም ቀዱልኝ። አንደኛው ምርመራ ሰውነቴ ቆሽቴን እየወጋው እንደሆነ ለማየት፣ ሌላው ቆሽቴ ኢንሱሊን ምን ያህል እንደቀረው። ውጤቱ ይቆያል። እስከዚያው ካስመለሰኝ ወይም ሆዴን ካመመኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አስጠነቀቀችኝ።

የካቲት 11

ውጤቱ "ያው የእትዬ ዓይነት ነው" ቢልስ? ያኔ ምን እመልሳለሁ? ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ... በእንቅልፌ ተነስቼ እልስ ይሆን?

የካቲት 19

ሰውነቴ ቆሽቴን የሚወጋው ዓይነት ሆኖ ተገኘ! ቆሽቴ ውስጥ የቀረው ኢንሱሊን ጥቂት ነው።

"መርፌ መጀመር አለብዎት" አለች ዶክተሯ በዝግታ፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው።

ተነስቼ ጉንጯን ሳምኳት።

ደነገጠች። "የነገርኩዎት... ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል! አልላስኩም ማለት ነው!"

"ቢልሱም ባይልሱም ይመጣ ነበር" ብላ ሳቀች። "ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።"

ጥፋቱ የእኔ አይደለም... መርፌ ታዞላት ጮቤ የረገጠች ሴት ከእኔ በፊት ነበረች ይሆን? እትዬ የመርፌውን ከረጢት ይዛ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ቤት ስንደርስ "ያማል?" አለች ብቻ፣ መርፌውን እያየች። እንደ ትንኝ ነው አልኳት።

የካቲት 30

140! ውሃ ጥሙ ጠፋ። ቀሚሴ ያለ መርፌ ቁልፍ ቆመ። ዝለይ ዝለይ ይለኛል።

ለአቶ ሚዛን ሁሉንም ነገርኳቸው። ዶክተሯ ለመቅመስ ያህል ምንም አይልዎትም እንዳለችኝም ጭምር። እንደ ልማዳቸው መዘኑኝ። ከዚያ የክሬም ማንኪያ አቀበሉኝ። "ቅመሺ። እንደገና ሳትቀምሺ ብትልኪ የማባርርሽ ያኔ ነው!"

ጠረጴዛዬ ላይ ተመለስኩ። የመጀመሪያዋ ጽጌረዳ ተንጋደደች፤ ሁለተኛዋ ተስተካከለች። እየዘፈንኩ ዋልኩ።

እትዬ ግን እስካሁን ትንፍሽ አላለችም። ይቅርታ የሚባል ቃል አታውቅም። ብርቱካን ትልጥልኛለች፣ ልብሴን ትተኩስልኛለች... ደስ ይላል። ግን አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ውሸታም ተብዬ ከረምኩ።

መጋቢት 11

መታጠቢያ ቤት ሆኜ ፀጉሬን ሳደርቅ ጎረቤታችን መጣች፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሚስት። ቤት መኖሬን አላወቀችም። ባሏን ታማለች። "ስኳር ይዞት ይኸው እንደ ሽቦ ቀጠነ። ኪኒኑም አልሠራ አለ። ለስላሳ ደብቆ እየጠጣ ነው!"

እትዬ "አይተሽዋል?" አለቻት።

"ማየት ምን ያስፈልጋል!"

እኔ ፎጣውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"እኔም እንደሱ ብዬ ነበር" አለች እትዬ። ድምፅዋ የሌላ ሰው። "እህቴን አስማልኳት። እንደ ሌባ አፏን አሸተትኩ። ልጅቷ እውነቷን ነበር፤ ሕመሟ ሌላ ዓይነት ነበር። በድያታለሁ። እሷን ሳይ አፌ ይያዝብኛል እንጂ... አንቺም ባልሽን እንደኔ አትበድዪው። ነገ እኔው ራሴ ዶክተሯ ጋ እወስደዋለሁ፣ ይመርመር!"

አፌን በፎጣ አፍኜ አለቀስኩ። ሳቅሁም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለእኔ ያልወጣላት ቃል ለጎረቤት ወጣላት፤ ይሁን፣ ደርሶኛል።

ጎረቤታችን ስትሄድ ምንም እንዳልሰማ ሰው ብቅ አልኩ። እትዬ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"መርፌሽን ተወጋሽ?"

"ተወግቻለሁ፣ እትዬ።"

"ጎሽ" አለችና ራት ልታቀርብ ሄደች። ሳታይ አመነችኝ።