በአበባ መካከል ለተተከለችው ሚኒባሳችን የሁለት ደቂቃ መውጫ ስለመጠየቅ

ለክቡር የከተማው የመንገድና የማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት (ይኸውም ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው ተከፍቶ ከማያውቀው መስኮት ጀርባ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመጋረጃዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የእኛን ደህንነት ለማወቅ ጊዜ ካገኙ፣ እኔና ባለቤቴ ባሠሩልን የአበባ መደብ መካከል በመልካም ሁኔታ ላይ እንገኛለን። የውሃ መርጫው በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ከአበቦቹ እኩል በጎን መስኮታችን በኩል ያጠጣናል፣ ፀሐይ እንደ ልብ ነው፣ አፈሩም ተለውጦልናል። ሥር መስደድ ብቻ ነው የቀረን።

በሥራ ብዛት ዘንግተውን እንደሆነ ማንነታችንን ላስታውስዎ። ላለፉት አራት ዓመታት ቤታችንም ሱቃችንም አንዲት ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አውጥተን አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የመሣሪያ መደርደሪያ ገጥመንባት፣ ከከተማ ከተማ እየዞርን የልብስ ሰፊዎችን ስፌት መኪና እንጠግናለን። ባለቤቴ የብረቱን ሥራ ይሠራል፤ የኤሌክትሪኩ የእኔ ነው። በአንድ ከተማ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይተን አናውቅም ነበር። ይህን ጉድለታችንን መሥሪያ ቤትዎ ስላስተካከለልን፣ ምስጋናችንን ከዚህ በታች በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የፎርማንዎን ትሕትና በተመለከተ። ከዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀን በፊት፣ የልብስ ሰፊዎች ሱቅ ከተደረደረበት መንገድ ዳር ባለው ሰፊ ባዶ መሬት ላይ፣ የማቆሚያው ተቆጣጣሪ ባሳየን ቦታ ቆምን። በማግስቱ ሠራተኞችዎ የጠርዝ ድንጋይ ጭነው መጥተው ዙሪያውን ይደረድሩ ጀመር። ባለቤቴ ሊነሳ ቁልፉን ሲያዞር ፎርማኑ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነውና እስኪደርቅ ድረስ እንዳንነቃነቅበት ለመነን። በዕድሜያችን ባርኔጣ አውልቆ የለመነን የመሥሪያ ቤት ሰው ገጥሞን ስለማያውቅ፣ ክብሩ አሞኘንና እሺ አልን። ሲሚንቶው በሦስት ቀን ደረቀ። ሲደርቅ እኛ ከውስጥ፣ መንገዱ ከውጭ ሆነን ተገኘን። ከዚያ የብረት አጥሩ ተተከለ፣ ከኋላችን የፍሳሽ ቦይ ተቆፈረ፣ በመጨረሻም አበባው መጣ። ለታዛዥ ዜጋ እንዲህ በፍጥነት ዋጋውን የሚሰጥ መሥሪያ ቤት መኖሩን አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፦ የመሐንዲስዎን ጥንቃቄ በተመለከተ። ድንጋዩ እንዲነሳልን ደጅ ስንጠና፣ የመንገድ ክፍሉ ወደ ማስዋብ ክፍሉ፣ የማስዋብ ክፍሉም ወደ ንድፍ ክፍሉ ላከን። በንድፍ ክፍሉ ያገኘናቸው ጨዋ መሐንዲስ አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በአበባው መደብና በውሃ ፏፏቴው መካከል ያለች አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን በጣታቸው አሳዩን። ከጎኗ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ነባር ቋሚ አካል» ተብሎ ተጽፏል። እኛ ነን። መሐንዲሱ ቦታውን ሲለኩ ያገኙትን ሁሉ የመመዝገብ ግዴታ ስላለባቸው እኛንም መዝግበውናል። ቋሚ አካል ደግሞ ንድፉ ሳይሻሻል አይነሳም፤ ንድፉም ሥራው ሳይመረቅ አይሻሻልም። አክስቴ ላለፉት አራት ዓመታት መቼ ነው ቋሚ የምትሆኑት እያለች ስትጨቀጭቀን ኖራለች። የወረቀቱ ግልባጭ ቢሰጠን ለእሷ እንልክላት ነበር።

ሦስተኛ፦ ክሬኑን በተመለከተ። የማቆሚያ ተቆጣጣሪው ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ስለቆምን ባስቸኳይ እንድንነሳ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ በየጠዋቱ በፊት መስታወታችን ላይ ይለጥፋል። ለመለጠፍ የሚመጣው አጥሩን ዘሎ፣ ድንጋዩን ተሻግሮና አበባ እንዳይረግጥ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ነው። እንግዲያውስ በክሬን አንሱን ብለን ስናመለክት፣ ክሬን የሚያነሳው ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን ብቻ እንደሆነ፣ የእኛዋ ግን ባለቤቶች እንዳሏት፣ ይባስ ብለውም ውስጧ እንደሚተኙባት ተገለጸልን።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሚኒባሳችንን ጥለናት ሄድን። አጥሩ ላይ የተሰጡ ልብሶቻችንን አውርደን፣ መስኮቶቿን ዘግተን፣ ከመንገዱ ማዶ ካለ አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ገብተን፣ ከተሰቀሉ ኮቶች ጀርባ ተደብቀን ዋልን። ከሰዓት በኋላ ክሬኑ እውነትም መጣ። ባለቤቴ እጄን ጨብጦ ጣቶቼን ሊሰብራቸው ምንም አልቀረውም። በዚህ መሀል የአበባው ጠባቂ፣ በየጠዋቱ ሻይ የምንሰጠው ደግ ሰውዬ፣ እየሮጠ መጥቶ ከክሬኑ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ባለቤቶቿ ገና አሁን ለጉዳይ መውጣታቸውን፣ ሰው የሚኖርበትን ቤት ማንሳት ነውር መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ «ሬሳዬን ተራምዳችሁ ነው የምትወስዷት» አለ። ክሬኑ ባዶውን ተመለሰ። ጠባቂው የዋለልንን ውለታ ሊነግረን ሲመጣ ፊቱ በደስታ ያበራ ስለነበር፣ ባለቤቴ አመሰገነው፣ እኔም ዳቦ ቆርጬ ሰጠሁት። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ሥራውን ከልቡ የሚሠራ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ሆኖ ተገኘ። የደረጃ ዕድገት ይገባዋል።

አራተኛ፦ ይህ ጉዳይ የመሥሪያ ቤትዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ይታገሡኝ። የምንኖርባት ክፍል አራት እርምጃ ትረዝማለች፤ ወርዷ ሁለት አይሞላም። አንዳችን ለማለፍ ሌላችን አልጋ ላይ መውጣት አለብን። ስንጓዝ ይህ ችግር አልነበረም። ተኳርፈን ከአንድ ከተማ ብንነሳ፣ ቀጣዩ ዳገት ላይ አንዳችን «ያንን ዛፍ አየኸው?» ወይም «አየሽው?» ካልን ነገሩ አበቃ። አሁን በመስኮታችን የሚታየው አሥራ ዘጠኝ የአጥር ብረት ነው፤ አይተኸዋል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ባለፈው ሳምንት ማንኪያ የት ይቀመጥ በሚል ተጣልተን ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። በአራት እርምጃ ቤት ውስጥ ለሁለት ቀን አለመነጋገር ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ሰፊ ቢሮ ላለው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ እኔም ከእሱ አላንስም ነበር። ታፍነናል ክቡር ሆይ። ከዚህ የተሻለ የትሕትና ቃል ብፈልግ አጣሁለት።

አምስተኛ፦ አባቴን በተመለከተ። አባቴ አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሹፌር ናቸው፤ ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ብርሃንና የእጅ ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ሐኪሙ ይህ ዓይን የፊታችን ሰኞ በቀጠሮው ቀን ካልታከመ፣ ከዚያ በኋላ ባንደክም እንደሚሻል በግልጽ ነግሮናል። ሆስፒታሉ ከቤታቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዳሌያቸው በመውደቅ ስለተጎዳ ተቀምጠው መጓዝ አይችሉም፤ ተኝተው ብቻ ነው። ለዚህም ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር ሌላ ጠባብ አልጋ ሠርቷል፤ ቁመታቸውን ጎረቤት በገመድ ለክቶላቸው በስልክ ነግረውናል። ለምን በአውቶቡስ አትሄጂም ብለው ለመከሩኝ ጸሐፊዎ አክብሮቴ ይድረሳቸው፤ መሄዱንስ እሄዳለሁ፣ አባቴን ግን አዝዬ ሆስፒታል ማድረስ የምችል አይመስለኝም።

ቆመናል ብዬ ልነግራቸው አልቻልኩም። ከታጠርን በኋላ ባለው ከሰዓት እንደ ልማዳቸው ደውለው «የት ደረሳችሁ?» ሲሉኝ፣ ነገ መውጣታችን አይቀርም ብዬ የመጀመሪያዋን ከተማ ስም ጠራሁ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ሁለተኛዋን። አባቴ መንገዱን ጠንቅቀው ስለሚያውቁት እንደ ዋዛ የሚዋሽ አይደለም፤ መታጠፊያውን፣ ማደያውን፣ ግራና ቀኙን እያስታወስኩ ነው የምነግራቸው። በአንዷ ከተማ ስፌት መኪና በዛብን ብዬ ራሳችንን ስምንት ቀን አቆየሁ። ጎማ አፈነዳሁ፣ ናዳ አወረድኩ፣ ሁለት ድልድይ ሰበርኩ፤ መንገድ በመዝጋት ረገድ ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር የምወዳደር ባልሆንም የአቅሜን ያህል ሠርቻለሁ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ባለቤቴ እንዲሰሙት ብሎ ሞተሩን ያስነሳል፤ እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ እናወራለን። የደህንነት ቀበቶም እናስራለን። ቀበቶውን ለምን እንደምናስር ሁለታችንም አናውቅም።

ባለፈው እሑድ መንገድ አለቀብኝ። ከአባቴ ከተማ በፊት ያለው የመጨረሻው ዳገት ላይ ደርሰናል፣ ከዚያ ወዲያ የምሰብረው ድልድይ የለም። አባቴ ግቢያቸው ውስጥ የነበረውን በርሜል አስነስተው ለሚኒባሷ ቦታ ማዘጋጀታቸውን ነገሩኝ። ከዚያ የሞተሩን ድምፅ ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ባልሽ ይህን ዳገት ማርሽ ሳይቀይር ነው እንዴ የሚወጣው?» አሉኝ። ባለቤቴ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋው።

አባቴ አልተቆጡም። የቆመ መኪና ሞተር ድምፁ ሌላ እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮም መቆማችንን እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ ብላቸው፣ «ስትነግሪኝ መንገዱ ስለሚታየኝ ነው» አሉ። ቀጥለውም ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ መታጠፊያው አጠገብ ያለው ትልቁ ዛፍ አሁንም እንዳለ ጠየቁኝ። በሠላሳ ሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው። አላየሁትም አባዬ አልኩ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ሥራው የፊታችን ሐሙስ እንደሚመረቅ፣ የክብር እንግዳው መኪና እስከ ፏፏቴው እንዲገባም ለዚያን ቀን ብቻ በአንድ በኩል አጥሩ ተነስቶ በጠርዝ ድንጋዩ ላይ የእንጨት መሸጋገሪያ እንደሚነጠፍ ፎርማኑ ነግሮናል። ሪባኑንም ዛሬ ለሙከራ አስረውታል፤ አንዱ ጫፍ ከመብራት ምሰሶ ጋር፣ ሌላው ከሚኒባሳችን ስፖኪዮ ጋር ነው። ቋሚ አካል ስለሆንን ተመርጠናል። የክብር እንግዳው ሪባኑን ቆርጠው ካለፉ በኋላ፣ እንጨቱ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ብቻ እንዲፈቀድልን እለምናለሁ። ሐሙስ ብንወጣ ቅዳሜ አባቴ ዘንድ ነን፤ ሰኞ ሆስፒታል እንገኛለን። በንድፉ ላይ ስለሚጎድለው አራት ማዕዘን አይጨነቁ፣ አበባ ይሞላዋል። ሞተሩ ከማለዳ ጀምሮ ተነስቶ ይጠብቃል፤ ቀበቶም እናስራለን። ፈቃድዎ ቢዘገይ እንኳ ባለቤቴ በዚያን ዕለት ማርሽ እንደሚያስገባ ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ለሠላሳ ሦስት ቀን መስተንግዶዎ፣ ለውሃው፣ ለአበባው፣ ለአጥሩና ለምክሩ ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ከእርስዎ መስኮት ሥር ሳልነቃነቅ እሰናበትዎታለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
የነባሩ ቋሚ አካል እመቤት፣
ከአበባው መካከል፣ ከፏፏቴው በስተግራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከመሥሪያ ቤትዎ በደረሰን ደብዳቤ፣ ሚኒባሷ መንቀሳቀስ አለመቻሏን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንድናቀርብ ታዘናል። ማስረጃችን ከሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ሆነው፣ በስልክ ብቻ ሰምተው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩን የደረሱበት አንድ ዓይነ ስውር ለመሆን የተቃረቡ ሽማግሌ ናቸው። እርስዎ ሁለቱም ዓይኖችዎ ጤነኛ እንደሆኑ ጸሐፊዎ ነግረውናል። ዕድሜ ይስጥልን፤ ሐሙስ መጋረጃውን ገለጥ ቢያደርጉ ስንሄድ ያዩናል።