ከአልጋ የወረደችው ድመት

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤ ሰላምታዬ ጉንጭሽን ከመቆንጠጥ ጋር ይድረስሽ። እኔ ከነምላሴ ደህና ነኝ።

ግን በጣም ተናድጃለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ድመቷ ከእህትህ አልጋ ወርዳ ወጥ ቤት መተኛቷ ለደግ አይደለም፤ ድመት ቀድማ ታውቃለች» አለችኝ፤ ያውም እናትሽ ታማ ከተኛችበት እየሰማች! «የቤቱን አይጥ እንኳ ያላወቀች ድመት ምኑን ታውቃለች?» ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ከዚያ ድመቷ ትመለስ ብዬ የእናትሽን ብርድ ልብስ የሰርዲን ዘይት ቀባሁት። የተረገመች፣ ዘይቱን ልሳ ልሳ ወረደች! እናትሽ ድሮ ቢሆን እኔን በጫማ ታባርረኝ ነበር። አሁን «ተዋት፣ ወንድሜ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የዓመት እረፍትሽ እስኪደርስ አትጠብቂ። ለምን ብለሽም እንዳትጠይቂኝ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ቶሎ ያገናኘን።
ነገረኛው አጎትሽ