መልሱ ከኋላ ያልታተመበት መጽሐፍ

ዎቴ፣ ማኩዌኒ፣ ኬንያ
ማክሰኞ፣ ኦገስት 12 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለምዊካሊ፣

ጋቦሮኔ አሁንም ይበርዳል አሉ፤ ሹራብሽን እንዳትጥዪ። እኛ ደህና ነን። ፍየሎቹም ደህና ናቸው፤ ስለ እነርሱ ይኸው ጨረስኩ።

በመጀመሪያ ያሳፈረኝን ነገር ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል። ባለፈው ወር ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች የጥናት መጽሐፍ ልንመርጥ ኮሚቴ ተቀምጠን ነበር። ተራዬ ሲደርስ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ ከፍ አድርጌ ያዝኩና ሩብ ሰዓት ሙሉ አወደስኩት። «ጥልቅ ነው፤ በልጆቻችን ልክ የተሰፋ ነው» አልኩ። ሽፋኑ ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር ወጣቶች መስለውኛል። የወጣቶቹ መሪ ካቫታ፣ ያቺ አንቺ ስትሄጂ የፊት ጥርሶቿ የወለቁት የጎረቤታችን ልጅ፣ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችውና ርእሱን አየችው።

«ማማ ምዊካሊ፣ ይሄ እኮ ለጡረታ ለሚዘጋጁ ባልና ሚስት ነው የሚለው።»

ፓስተር ሳል ያዛቸው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሙዜ ኪሎንዞ ግን «እንዳትመልሱት፣ ለእኔ አስቀምጡልኝ» አሉ።

አዎ፣ አሁንም ማማ ምዊካሊ፣ የምዊካሊ እናት ነው የሚሉኝ። ወንድምሽ እዚሁ አጠገቤ እየኖረ በስሙ የሚጠራኝ የለም። ገበያ ስሄድ፣ ወፍጮ ቤት ስሰለፍ፣ ስምሽን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ስልክ ላይ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኔትወርክ ይበላሽብሻል። ስለዚህ ጻፍኩ። የካቫታ አጎት ሐሙስ ወደ እናንተ ይበራል፤ ይህን በእጅሽ ይሰጥሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠላሳ አንድ የነበሩት ወጣቶች ዘጠኝ ቀርተዋል። ካቫታ ቁርጡን ተናግራለች፤ እስከ ሴፕቴምበር ደህና መጽሐፍ ካልተገኘ መሪነቱን ትተዋለች። ያኔ ቡድኑ አለቀለት ማለት ነው። ፓስተር ከናይሮቢ የሚላክ ቪዲዮ ወደውት ነበር። አንድ እሑድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩለን ስናይ፣ ሰባኪው «የክርስትና ሕይወት ቁልፉ» ብሎ ሲጀምር ዳታው አለቀ፤ ቁልፉን እስካሁን አላገኘነውም።

ሙዜ ኪሎንዞ ደግሞ ካርቶናቸውን አይለቁም። የትኛውን ካርቶን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ያ ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጣው የጥናት መጽሐፍ፣ «ባዶውን ቦታ ሙሉ» የሚለው፣ መልሱ ከኋላ የታተመበት። «መልስ አለው። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?» ይላሉ።

እኔም ካርቶኑን እንዳወጣ ወደ ዕቃ ክፍሉ ተላክሁ። ከአዲሶቹ ሥር፣ የወጣቶቹ አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼ የሞሏቸው ተከማችተዋል። የሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ከኋላ ገልብጠው የጻፉት ነዋ። እኔም ከኋላ ገልብጬ ነበር የማርመው። እያገላበጥኩ ስሄድ ያንቺን አገኘሁት።

የአንቺ አልተገለበጠም። መጽሐፉ «የጎረቤትህ ግቢ በበረዶ ቢሸፈን ምን ታደርጋለህ?» ይላል። አንቺ ከሥሩ፣ «በረዶ አይቼ አላውቅም። ለወንዙ ግድብ ድንጋይ በደቦ ስንሸከም ግን ትከሻዬ ተልጧል። እሱ ይቆጠራል?» ብለሻል። ብቻዬን ሳቅኩ። መነጽሬን ጠርጌ ቀጠልኩ። ስድስተኛው ትምህርት፣ ስለ ምሕረት የሚለው ላይ ደረስኩ። ባዶውን ቦታ አልሞላሽውም። ከጎኑ በጠባቧ ኅዳግ ፊደልሽን አጥብበሽ እንዲህ ጽፈሻል፤

«ዋቪኒያ አርግዛለች ተብሎ የኋላው አግዳሚ ላይ እንድትቀመጥ ተደረገች። ያስረገዛት ልጅ ግን ከፊት ቆሞ ይዘምራል። ይህ የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?»

ከሥሩ የእኔ ቀይ ምልክት አለ። «በጣም ጥሩ» ይላል። ፊርማዬም አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ሁሉ ባዶ ናቸው። የማሾ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ገለጥኳቸው፤ እስከ መጨረሻው።

ሳልቆይ ወደ ኮሚቴው ተመልሼ ሁለቱንም ጥያቄዎች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሙዜ ኪሎንዞ፣ «የማን ጽሑፍ ነው?» አሉ።

«እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት።»

ካቫታ መጽሐፉን ተቀብላኝ ስሙን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ስሙን ጮክ ብላ አላነበበችውም፤ ደህና ልጅ ናት። መጽሐፉን ዘግታ፣ «እንዲህ የሚያስጠይቅ መጽሐፍ እንፈልግ እንጂ» አለች።

በማግስቱ ሁለታችን በማታቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ማቻኮስ ከተማ መጻሕፍት መደብር ወረድን። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ሙሽራ ልንመርጥ የሄድን ነው የመሰልነው። የካቫታ አመራረጥ ቀላል ነው። መጽሐፉን ከኋላ ትከፍታለች፤ መልስ ከታተመበት ወደ መደርደሪያው። መሐሉን ትከፍታለች፤ በረዶ ካለበት ወደ መደርደሪያው። ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ እንደ ሐብሐብ እያገላበጥሽ ነው የምትገዢ?»

«ሐብሐብማ መታ መታ ሲያደርጉት ይናገራል፣ ወንድሜ።»

በመጨረሻ ከታች መደርደሪያ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወጣ። የማርቆስ ወንጌል ጥናት ነው። በየምዕራፉ ሦስት ጥያቄ ብቻ፤ ከኋላው ምንም የለም፤ ኅዳጉ ግን እጅ ያሳርፋል። ካቫታ ስማው ልትሞት ነበር።

ሙዜ ኪሎንዞ አገላብጠው አገላብጠው፣ «መልስ ከሌለው ልክ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?» አሉ።

«እርስዎም አብረውን ይቀመጡና ይፈልጉታል፣ ሙዜ» አለች ካቫታ። «ደቦ እኮ ነው። ለግድቡ እያንዳንዱ ዶማውን ይዞ አይደል የሚመጣው? እዚህም ምዕራፉን ቤቱ አንብቦ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ባዶ እጅ መምጣት የለም።»

«እኔም?»

«እርስዎም።»

ፓስተር አራት እሑድ ፈቀዱልን። ከተሳካ ይቀጥላል፤ ካልተሳካ ካርቶኑ ይመለሳል። የመጀመሪያው ያለፈው እሑድ ነበር። አሥራ ሰባት ሰው መጣ፣ ምዊካሊ። አሥራ ሰባት። መቀመጫ አልበቃ ብሎ ከውስጥ ያገኘነውን ሁሉ አውጥተን ማንጎው ሥር ደረደርን። ምዕራፍ አንድ ነው። አንዱ ጎረምሳ፣ «ለምጻሙን በቃሉ መፈወስ ይችል ነበር። ለምን ነካው?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጊዜ ሁሉም አፉን ከፈተ። አንዷ «ማንም ስለማይነካው ነዋ» ትላለች፤ ሌላው «ሰው እንዲያይ ነው» ይላል፤ እንደ ጨረታ ድምፅ በድምፅ ሆነ። በመሐል ካቫታ ያንቺን መጽሐፍ አወጣችና ስለ ዋቪኒያ የጻፍሽውን አነበበች። ስምሽን አልጠራችም።

ሙዜ ኪሎንዞ የተቀመጡበትን ዝቅ ብለው ዳበሱት። ለካ ከውስጥ ስናወጣ ያንኑ የኋላውን አግዳሚ ነው የሰጠናቸው።

«ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ለእንግዳ ነበር የሠራሁት።»

ጥያቄ ይዘው እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ጥናቱ ሲያልቅ ሁለት ወጣቶች አግዳሚውን ሊመልሱ ሲያነሡት፣ «ተዉት፣ ወደ ውስጥ አይገባም» አሏቸው።

«ዝናብ ቢመጣስ፣ ሙዜ?»

«ይዝነብበት።»

አሁንም እዚያው ማንጎው ሥር ነው። ትናንት ሳልፍ ዶሮ ቆማበት ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምዕራፍ ሁለትን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልኬልሻለሁ። አራት ሰዎች ጣራ አፍርሰው ጓደኛቸውን ያወረዱበት ነው። ነይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሺ አላልኩም፤ እንዳትቆጪ። ኅዳጉን ግን ባዶ የላክሁት አውቄ ነው። የፈለግሽውን ጻፊበት፤ ቁጣም ቢሆን ጻፊበት። ቀዩን እስክሪብቶ ለካቫታ ሰጥቻታለሁ፤ ፖስተር ትሠራበታለች። መነጽሬም ከአንገቴ አይለይም፤ በክር አስሬዋለሁ።

ነገ ወደ ዋቪኒያ እሄዳለሁ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ብርቱካን ትሸጣለች፤ ልጇ ቁመቷን አልፏታል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ብርቱካን ከሌላ ሰው ስገዛ ኖሬአለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። «የማርቆስን መጽሐፍ ይዤልሽ መጣሁ» ልበል፣ ወይስ ዝም ብዬ ብርቱካን ልግዛ? ካቫታ፣ «መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ማማ ምዊካሊ፤ ከዚያ እሷ ትጠይቅሽ» ብላኛለች።

የማርቆስ ጌታ በመውጣትሽም በመግባትሽም ይጠብቅሽ። የምትቀምሚውን መድኃኒት ለሰው ፈውስ ያድርገው። የሚያጽናናሽ ሰው አያሳጣሽ፤ እኔ ባልሆንም።

ዋቪኒያ ብትቀበለኝም ብትመልሰኝም፣ ያለችኝን ቃል በቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ።

በስምሽ የምጠራው እናትሽ፣
ማማ ምዊካሊ