አልደርቅ ያለው ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ጥር 14
ከሳሎናችን

ለአኩራፊው ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እዚያ አዲሱ የሥራ ቦታህ ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሆድህን በዳቦና በሻይ እያታለልከው ነው? እኛ ደህና ነን። እናትህማ ከእኔም የባሰ ደህና ናቸው! «ልጄ አኩርፎ ቢሄድ እኔን ምን አገባኝ፣ ቤቴ ነው» ብለው እንደተቀመጡ ነው። እሰይ፣ እሳቸው ባይኖሩ ማን ያስቀኝ ነበር?

የምጽፍልህ ስለ ቤቱ ነው። «ይሸጥና እንካፈል፣ በዚያው ይለይልን» አላልክም? እኔም በንዴት «እሺ!» አልኩህ። ይኸው የቤት ዋጋ ገማቹ መጣልህ። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ቁጥብ ሰው ነው። መኝታ ቤቱንም ወጥ ቤቱንም ወደደው። ሳሎን ገብቶ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ ግን ግድግዳው ርሷል፣ ቀለሙ አብጦ ተልጧል። «ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ዝናብ እንደሆነ ካየን ቆየን።

«ምክንያቱ ሳይታወቅ ዋጋ አልናገርም፤ ገዢም አይጠጋውም» ብሎኝ ሄደ። የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ፤ «ጣሪያው ነው» አለ። ጣሪያ ሠሪ ጠራሁ፤ ወጥቶ ወርዶ «ቧንቧው ነው» አለ። ሳሎኔ ውስጥ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው! እናትህ መሃል ገብተው «ተዉ ልጆቼ፣ ግድግዳ እኮ ነው፣ ሲያሰኘው ይረጥባል» አሏቸው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዛሬ ጠዋት ገማቹ ተመለሰ። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪውን አየ፤ ንቅንቅ አላለም፤ ቧንቧው አያፈስም ማለት ነው። የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ እያስነካ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ላይኛው ደረቅ ነው። መሃል ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ። እርጥበቱ የሚጀምርበትን በእርሳስ አሰመረና በመዳፉ ዳበሰው። «ሞቅ ይላል እኮ!» አለ ግራ ገብቶት።

ይሄኔ እናትህ ሻይ ይዘውለት መጥተው መስመሩ አጠገብ ቆሙ። መስመሩ ልክ ትከሻቸው ላይ! ሰውየው መስመሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያለውን ማንቆርቆሪያ አየ።

«እማማ፣ ሙቅ ውሃ ለምን?»

«ቀዝቃዛውማ እጄን ይቆረጥመኛላ!» ብለው እርፍ! ሳቄ አፍኖኝ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሁለቱ ልጆቼ ሳይታረቁ ይሄ ግድግዳ አይደርቅም» አሉ። ሁለቱ ልጆቼ ነው ያሉት፤ እኔንም ቆጥረውኛል። አንጀቴን በሉት።

ገማቹ ሻዩን ጠጥቶ ዕቃውን ሰበሰበና «እመቤቴ፣ በእኔ በኩል ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎኝ እየሳቀ ወጣ።

እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ቤቱ አይገመትም፤ ሳይገመት ደግሞ አይሸጥም። መጥተህ ራስህ እየው። እናትህንም ተቆጣልኝ፤ እኔ አቅቶኛል። ናፍቀኸናል፤ እሳቸውን ብቻ አይደለም።

መንገዱን ያቅናልህ፣ በጤና ያግባህ።

ጨቅጫቃዋ ሚስትህ

ሳልረሳው፦ አሁን ማንቆርቆሪያውን ባየው ባዶ ሆኗል። ሞልቼ፣ ለብ አድርጌ፣ መጋረጃው ሥር መልሼላቸዋለሁ።